ተፈልጎ የማይገኝ መካሪ

በመተማ ዮሐንስ ወይም በገንዳ ውኃ አንድ የሥነ ልቡና መካሪ ቢሮ ከፍቶ ድረ ገጽም አሠርቷል እንበል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በሌሊት በስልኩ ጉግል ላይ ፈልጎ ካላገኘው ግን፥ ያ ገጽ ጓዳ ውስጥ እንደ ተሰቀለ ማስታወቂያ ነው።

በዚያ ቆላ ፈላጊ አይጠፋም። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወርዶ ብቸኝነት የያዘው የቀን ሠራተኛ አለ፤ በሱዳን በኩል ሊሰደድ ወጥቶ ተዘርፎ የተመለሰ ወጣት አለ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣው ጦርነት ሸሽቶ በገላባት በኩል የተሻገረም አለ። የጎንደሩ ሆስፒታል ሩቅ ነው፤ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም።

እንግዲህ ኮምፒዩተር የምታውቁ ተማሪዎችና ጸሓፊዎች ገጹን አስተካክሉልኝ ብትባሉ፥ አስቀድማችሁ ጉግል ማንበብ መቻሉን መርምሩ። ጉግል ገጾችን እየዞረ ያነብባል፤ ያነበበውንም በማውጫ ይመዘግባል፤ ሰው ሲጠይቀው ከማውጫው ይሻላል ያለውን ያስቀድማል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዐይነት ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ለዐይን አማርኛ ቢመስልም፥ ለማሽኑ ዝባዝንኬ ነው። ጽሑፉን ሁሉ በሥዕል መልክ መለጠፍም ያው ነው።

ቀጥሎ የቃል ነገር አለ። የተጨነቀ ሰው «የሥነ ልቡና ምክር አገልግሎት» ብሎ አይጽፍም፤ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» «ባሌ መጠጥ አላቆም አለ» ይላል እንጂ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ግልጽ መልስ ያለው አንድ ገጽ ብትጽፉ፥ ከሃያ የውዳሴ ቃላት ይበልጣል። ሠ እና ሰ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም በኮምፒዩተር ቁጥራቸው ልዩ ልዩ ነው። «ሥነ ልቡና»፥ «ስነ ልቦና»፥ «ሥነ ልቦና» እያለ የሚጽፈው ብዙ ነውና፥ ሕዝብ የሚጽፈውን በርእሱ፥ ትክክለኛውን በውስጡ አድርጉ። ፊደል ለምናስተምር ሰዎች ይህ መራራ ነው፤ ነገር ግን ታማሚ የፊደል ፈተና አይፈተንም።

የከተማው ስምም ያስቸግራል። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ አንዲት ስትሆን፥ ሱዳን ውስጥ በሸንዲ ፊት ለፊት ዐባይ ዳር ሌላ መተማ አለች። በላቲን ፊደልም አንዱ በአንድ ኤም፥ ሌላው በሁለት ይጽፋታል። ስለዚህ «መተማ ዮሐንስ፥ ምዕራብ ጎንደር» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ፤ ጉግል ያለ ክፍያ በሚሰጠው የንግድ ቤቶች መዝገብ ላይም ቦታውን፥ ስልኩንና የሥራ ሰዓቱን አስገቡ። ስለ ተሻጋሪዎቹ አንድ ገጽ በዐረብኛ ይኑር።

ገጹ ቀላል ይሁን፤ ትልልቅ ፎቶግራፍ በደካማ መስመር አይከፈትም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበርና፥ የስልኩ ቁጥር በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በወረቀት ጭምር ይለጠፍ።

የጤና ነገር ሲሆን ጉግል ጸሓፊው ማን እንደ ሆነ አብዝቶ ይመለከታል፤ የመካሪው ስም፥ ትምህርቱና የሥራ ፈቃዱ በግልጽ ይቀመጥ። ምስጋና ከታካሚዎች ለቅማችሁ እንድታወጡ የሚመክር ነጋዴ ቢመጣ ግን እምቢ በሉት። መተማ ትንሽ ከተማ ናት፤ ዛሬ «ተሻለኝ» ብሎ በስሙ የጻፈውን ሰው ነገ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል።