ኩሽኔታው ከመሰበሩ በፊት



ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲወራ ብዙዎቻችን የምናስበው ስልካችን ላይ ጥያቄ የሚመልስልንንና ፎቶ የሚሠራልንን ነገር ነው። እኔ ግን ጉዳዩ ከሁሉ በፊት የሚመለከተው እህል የሚፈጨውን፣ ዘይት የሚጨምቀውን፣ ብረት የሚበይደውን፣ ባጠቃላይ እንጀራውን ከማሽን የሚያገኘውን ሰው ነው እላለሁ።

ቴክኖሎጂው ፋብሪካ ውስጥ ምን ይሠራል? ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቁ ሲያልፍ ካሜራ የተበጠሰ ክርና የቀለም ጉድለት ይለያል። ሞተር ላይ ደግሞ ሴንሰር ንዝረቱንና ሙቀቱን ይመዘግባል፤ ኮምፒውተሩ አዲሱን መዝገብ ከቀድሞው ጋር አነጻጽሮ ኩሽኔታው ሊሰበር መቃረቡን አስቀድሞ ይናገራል። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት ወፍጮው ቆሞ የሚጠብቅ ነጋዴ የዚህን ጥቅም ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ይህን ግን ፋብሪካው ብቻውን አያመጣውም፤ ዩኒቨርሲቲውም ብቻውን አያመጣውም። አንዱ ችግሩን፣ ሌላው ዕውቀቱን ይዟልና። ትምህርት ቤትና ፋብሪካን ማጎራበት ለክልላችን እንግዳ ነገር አይደለም። ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1963፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ፤ ከሚያስተምራቸው ሙያዎችም አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ነበር።

ዛሬም በር አልጠፋም። አገራችን ሰኔ 2016 ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ አጽድቃለች። በማግሥቱ ወር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም ኮዲንግን፣ ዳታ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርትን በነፃ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ሥልጠናው በኢንተርኔት ነው፤ በክልላችን ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ የእኛ ወጣት ከሌላው እኩል መነሻ ላይ አልቆመም። ትብብሩ ትልልቅ ከተሞች ላይ ብቻ ከቀረ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል።

አልጎሪዝም የሚለው ቃል የመጣው ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም መሆኑን ብዙዎቻችን እንኮራበታለን። ኩራቱ ብቻውን ግን አይበቃም። እሱ አልጀብራን የጻፈው ውርስ ለሚያካፍል፣ ለሚነግድና መሬት ለሚለካ ሰው እንዲጠቅም ብሎ ነው። ከሰው ችግር ተነሣ፤ እኛም ከዚያው እንነሣ።

ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ባለ ወፍጮዎችና ባለ ወርክሾፖች መዝገብ ያዙ። ማሽኑ መቼ ቆመ? ምኑ ተበላሸ? ስንት ሰዓት ባከነ? ይህ ቴክኖሎጂ የሚማረው ከመዝገብ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር አያውቅም። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ሁለተኛ፣ ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር የምትማሩ ልጆቻችን የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ ከኢንተርኔት ከመገልበጥ ከአባታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ ወፍጮ አምጡት። ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ከትልልቅ ፋብሪካዎች ጋር ብቻ መፈራረማቸው አይበቃም፤ ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ያሉትን ትንንሽ ማምረቻዎችም ይጎብኙ።

«ማሽኑ ሥራችንን ቢነጥቀንስ?» የሚል አለ። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ጨርቁን በዓይኑ እያየ ጉድለት ሲለቅም የኖረ ሠራተኛ ካሜራው ሲመጣ ቦታው ሊጠበው ይችላል። ስለዚህ ስምምነቱ ሲጻፍ ነባር ሠራተኞችን ማሠልጠን ከውሉ ውስጥ ይግባ። በር ዘግቶ መቀመጥ ግን ሥራን አያድንም፤ በርካሽና በጥራት የሚያመርተው ሌላ ከተማ ገበያውን ይወስደዋል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። ኣሚን።