እገዳው መልካም ነው፤ ልጁ ሲደነግጥ ግን ለማን ይናገራል?

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በቲክቶክ፣ በኢንስታግራም፣ በስናፕቻት፣ በፌስቡክና በመሳሰሉት የራሳቸው አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። ልጆቹን ለማገድ ተገቢውን እርምጃ ያልወሰደ ኩባንያ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይቀጣል። ወላጅም ሆነ ልጅ ግን አይቀጣም። ለእኔ የሕጉ ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ ጥበቃው የኩባንያው ሥራ ሆነ። እስካሁን የነበረው ቀልድ ነበር። ስልኩ "13 ዓመት ሞልቶሃል?" ይላል፣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ "አዎ" ይላል፣ በቃ ገባ። ያቺ 13 ራሷ የመጣችው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ለመገደብ ካወጣችው ሕግ ነው። ሕጉ ስለ መረጃ እንጂ ስለ ልጅ ብስለት የወጣ አልነበረም።

ስለዚህ "ደግ አደረጉ" ከሚሉት ወገን ነኝ። ግን እገዳው የማይደርስበት ቦታ አለ፤ እኛን የሐበሻ ወላጆችን ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባውም እሱ ነው። ሕጉ እንደ ዋትሳፕ ያሉትን መልእክት መለዋወጫዎች አይነካም። ሮብሎክስና ዲስኮርድም ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል ከዝርዝሩ ውጭ ነበሩ። 16 ዓመት ለሞላው ልጅ ደግሞ ሁሉም ክፍት ነው።

የአሜሪካው ኤፍቢአይ ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው ስለዚሁ ዕድሜ ነው። በራቁት ፎቶ አስፈራርቶ ገንዘብ የመቀበል ወንጀል በአብዛኛው የሚያነጣጥረው ከ14 እስከ 17 ዓመት ባሉ ወንዶች ልጆች ላይ ነው ይላል። ወንዶች! እኛ ቤት እኮ የሚጠበቀው የሴቷ ስልክ ነው። እሱማ "ወንድ ነው፣ ምን ይሆናል።"

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዲት ቆንጆ ልጅ ኢንስታግራም ላይ ታወራዋለች፤ ከጀርባዋ ያለው ግን ለዚሁ ሥራ የተቀመጠ ወንጀለኛ ነው። ወሬው ይሞቃል፣ ፎቶ ይላክለታል፣ "ያንተንም ላክ" ይባላል። በላከባት ደቂቃ ቋንቋው ይለወጣል፤ ይህን ያህል ገንዘብ ካላስገባህ ለምታውቃቸው ሁሉ እበትነዋለሁ። ሚሺጋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ የ17 ዓመት ተማሪ በዚህ ወጥመድ ተይዞ በሰዓታት ውስጥ ሕይወቱን አጥፍቷል። ሁለት ናይጄሪያውያን ወንድማማቾች ለአሜሪካ ተላልፈው ተሰጥተው በ2024 እያንዳንዳቸው 17 ዓመት ከ6 ወር ተፈርዶባቸዋል።

እስቲ ይህን ዛቻ ወደ እኛ ቤት አምጡት። የእኛን ልጅ ኢንስታግራም ላይ የሚከተሉት እነማን ናቸው? አዲስ አበባ ያለችው አክስት፣ ዱባይ ያለው አጎት፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ጓደኞች፣ የእናቱ ወዳጆች ልጆች። (የልጁን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሳይቀር በቲክቶክ ላይቭ የምናሳየው እኛው መሆናችን የራሱ ጉዳይ ነው።) አስፈራሪው የስሞቹን ዝርዝር ስክሪንሾት አድርጎ ሲልክበት፣ እኛ ልጅ ፊት የሚደረደረው ዘር ማንዘሩ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደግሞ የሰማው "ገመናችንን አደባባይ እንዳታወጣ"፣ "ሰው ምን ይላል" ነው። ሲያጠፋ "ስልክህን ነው የምቀማህ"፣ ሲብስም "አገር ቤት ነው የምልክህ" ተብሏል። ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት እናቱን ቀስቅሶ ይነግራታል ብላችሁ ታስባላችሁ? አስፈራሪው ስለ ሐበሻ አንድም ነገር አያውቅ ይሆናል፤ ይሉኝታችን ግን ሳይከፈለው ይሠራለታል።

ቋንቋውም አለ። የብዙ ልጆቻችን አማርኛ "እራት በልቻለሁ" ለማለት ይበቃል፤ ይህን ለማስረዳት ግን አይበቃም። የወላጁ እንግሊዝኛም እንደዚያው።

ስለዚህ ነገሩ ሳይመጣ በፊት፣ መኪና ውስጥም ይሁን እራት ላይ፣ በሰበረ ቋንቋም ቢሆን መናገር ነው። "እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ፎቶ ብትልክ እንኳን ንገረኝ፤ አልቆጣህም፣ ስልክህንም አልቀማህም።" የመጨረሻዋ ቃል ኪዳን ከባድ ናት፣ አውቃለሁ። ግን ልጁ አፉን የሚከፍተው በእሷ ነው።

ከደረሰ ደግሞ፣ አለመክፈል። የከፈለ ብዙውን ጊዜ እንደገና ይጠየቃል። የተጻጻፉትን አለማጥፋት፣ ምክንያቱም ማስረጃ ነው፤ አካውንቱን ሪፖርት አድርጎ ማገድ። የአሜሪካው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል "ቴክ ኢት ዳውን" የሚባል ነጻ አገልግሎት አለው፤ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ልጅም ይጠቀምበታል። ፎቶው ከስልኩ አይወጣም፣ ስምም አይጠየቅም። የሚላከው የፎቶው ዲጂታል አሻራ ብቻ ነው፤ የተስማሙት ኩባንያዎች በእሱ ፈልገው ያነሱታል። አሜሪካ ያላችሁ ማዕከሉን በ1-800-843-5678 መደወል ትችላላችሁ። ብሪታንያ ያላችሁ ደግሞ "ሪፖርት ሪሙቭ" የሚባለውን በቻይልድላይን በኩል ታገኛላችሁ።

አንድ ነገር ለተማሪዎች። የ15 ዓመቱ የአክስታችሁ ልጅ ለእናቱ ከሚናገር ለእናንተ መናገር ይቀለዋል፤ በእንግሊዝኛ ታወሩታላችሁ፣ ኢንስታግራምን ታውቁታላችሁ፣ አትገርፉትም። በሚቀጥለው ልደት ወይም ሰርግ ላይ ስትገናኙ ወደ ጎን ወሰድ አድርጋችሁ ስለዚህ ወጥመድ ንገሩትና፣ "በየትኛውም ሰዓት ደውልልኝ" ብላችሁ ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ አስገቡለት።