የደንብ ብዛት ጥልቀት አይደለም

በቅርቡ ተማሪዎቻችን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተሠሩት የኮምፒዩተር የስልት ጨዋታዎች አንዱን እንድንሞክር ጋበዙን። ጨዋታው እጅግ ከባድ በመሆኑ የሚችሉት ብሩህ አእምሮ ያላቸው ብቻ ናቸው ተባልን። ሦስት ምሽት ሰጠነው። በመጀመሪያው ምሽት የመመሪያውን መጽሐፍ አነበብን፤ በሁለተኛው የግብር መጠን፣ የእህል ክምችትና የሠራዊት ስንቅ የሚመዘገብባቸውን ሰንጠረዦች ስንሞላ አመሸን፤ በሦስተኛው ተሸነፍን። መሸነፍ ያለ ነው፤ አያበሳጭም። ያበሳጨን ለምን እንደተሸነፍን ማወቅ አለመቻላችን ነው። ግብሩ በዝቶ ይሁን፣ ስንቁ አንሶ፣ ወይስ ከቁጥሮቹ አንዱ ያለቦታው ገብቶ፣ ጨዋታው የሚነግረን ነገር አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ብስጭት ነው፤ ጉዳዩ ግን ከጨዋታ ይሰፋል። በእኛ እምነት ውስብስብነትና ጥልቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውስብስብነት የሚለካው ከመጀመራችን በፊት ልናውቃቸው በሚገቡ ደንቦች ብዛት ነው። ጥልቀት ግን የሚለካው ደንቦቹን ሁሉ ካወቅን በኋላ ገና ልናስብበት በሚቀረን ነገር ነው። ብዙዎቹ የቆዩ የስልት ጨዋታዎች የመጀመሪያውን አብዝተው ሁለተኛውን ያገኙ ይመስላቸዋል።

አባዜው ከኮምፒዩተር ጨዋታ ብቻ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የታተመው «ዘ ካምፔይን ፎር ኖርዝ አፍሪካ» የተሰኘ በጠረጴዛ ላይ የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ፣ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የበረሃ ዘመቻ ሲያስመስል ለጣሊያን ወታደሮች ፓስታ መቀቀያ የሚሆን ተጨማሪ ውሃ እንዲመደብ የሚያዝ ደንብ ነበረው። ሆኖም በወረቀትና በእርሳስ የሚሰላ ጨዋታ የተፈጥሮ ገደብ አለው፤ የሰው እጅ ይደክማል። ኮምፒዩተር ይህን ገደብ አነሣው። ስሌቱን መሣሪያው ስለሚሠራው፣ የጨዋታው ደራሲ አንድ ደንብ ሲጨምር ምንም ዋጋ የሚያስከፍል አይመስለውም። ዋጋውን የሚከፍለው ግን የተጫዋቹ አእምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው «ማስተር ኦፍ ኦሪየን 3» ውስጥ የፕላኔቶቹ አስተዳደር እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ አብዛኛው ሥራ ኮምፒዩተሩ ለሚመራቸው እንደራሴዎች ተሰጠ፤ ብዙ ተጫዋቾችም ጨዋታው ራሱን በራሱ ይጫወታል ሲሉ ቅሬታቸውን አሰሙ።

በአንጻሩ ከቻይና የመጣውን ጥንታዊ የ«ጎ» ጨዋታ እንመልከት። ደንቦቹ ከአንድ ገጽ አይበልጡም። ነገር ግን 361 መገናኛ ነጥቦች ባሉት ሰሌዳ ላይ ሊፈጠሩ የሚችሉት የጠጠር አቀማመጦች ብዛት፣ ከ1 ቀጥሎ 170 ዜሮዎች ካሉት ቁጥር ይበልጣል። ኮምፒዩተር ከዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ የሆነውን ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር። በአገራችንም ገበጣ ከረድፍ ጉድጓዶችና ከጠጠሮች በቀር የሚሻው ነገር የለም። ደንቡን ልጅ በአንድ ቀን ይማረዋል፤ የሚያርፍበትን ጉድጓድ አስቀድሞ ማስላት ግን የዕድሜ ልክ ልምምድ ነው። የተሸነፈውም ሰው ጠጠሮቹን ወደኋላ ቢቆጥር የሳተበትን እርምጃ ያገኘዋል። እኛ በሦስት ምሽት ያጣነው ይህንን ነው።

«ዓለም ራሷ ውስብስብ ናት፤ ስንቅ የሌለበት የጦርነት ጨዋታ ጦርነትን እንዴት ይመስላል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የፊዚክስ መልሱ እንዲህ ነው፦ ከፎቅ ስለሚወድቅ ድንጋይ ስናሰላ የአየርን ሰበቃ እንተዋለን፤ ስለ ላባ ስናሰላ ግን ልንተወው አንችልም። መስፈርቱ አንድ ነው፤ ያ ነገር ቢወጣ መልሱ ይለወጣል ወይ? ስንቅ የጦር መሪውን ውሳኔ የሚለውጥ ከሆነ ይግባ። የፓስታው ውሃ ማንንም ሌላ መንገድ እንዲመርጥ ካላደረገ ግን ሸክም ነው። ብዙ ደንብ ሁሉ ይወገዝ አንልም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሲድ ማየር «ሲቪላይዜሽን» በርካታ ክፍሎች አሉት፤ ነገር ግን ተጫዋቹ አንድ ከተማ በመመሥረት ይጀምራል፣ የቀረውም ግኝት በግኝት ላይ እየተጨመረ ይመጣለታል።

እኛ መምህራንም ከወቀሳው አናመልጥም። ሁለት ወይም ሦስት ሕጎች የሚበቁበትን ምዕራፍ በሠላሳ ቀመሮች ዝርዝር አስጨንቀን እናስተምራለን። ተማሪው በፈተና ሲሳሳት፣ ልክ እኛ በዚያ ጨዋታ እንደሆንነው፣ የት እንደሳተ አያውቅም። ከዚያም «ፊዚክስ ለብሩህ አእምሮ ብቻ ነው» ይላል። ይህ ግን የተማሪው ድክመት አይደለም፤ ትምህርቱን ያቀረብንበት መንገድ ጉድለት ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሆይ፣ አንድ ነገር ስላስቸገራችሁ ብቻ ጥልቅ ነው ብላችሁ አትፍሩት፤ ስለቀለላችሁም አትናቁት። የኮምፒዩተር ጨዋታም ሆነ የመመረቂያ ሥራ ስታዘጋጁ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ አንዱን ደንብ ወይም አንዱን ተለዋዋጭ አውጥታችሁ ውጤቱን እዩ። ምንም ካልተለወጠ አትመልሱት። እኛም የሚቀጥለውን ሴሚስተር የቀመር ዝርዝር በዚሁ መስፈርት ልንመረምረው ቃል እንገባለን።