‹‹ሰው በዛ›› ባዩ ማነው?

መቼም በዚህ ዘመን ለሁሉ ችግር የምትበቃ አንዲት መልስ አለችን፤ ‹‹ሰው በዛ!›› ታክሲ ጠፋ? ሰው በዛ። የቤት ኪራይ ናረ? ሰው በዛ። ሐይቁ ሸሸ? ሰው በዛ። አዳማ (የድሮዋ ናዝሬት) የወርክሾፕ ከተማ ናትና ስለ አካባቢ ጥበቃ በተነሳ ቁጥር ይህችው መልስ በሆቴሎቿ አዳራሽ ከታሸገ ውሃ ጋር ትታደላለች። ተሰብሳቢው ራሱን ይነቀንቃል፣ አበሉን ፈርሞ ይወስዳል፣ ወደየቤቱ ይሄዳል። እኔ ይህችን መልስ የምጠላት ፈጽማ ውሸት ስለሆነች አይደለም። ከተናጋሪዋ ምንም ስለማትጠይቅ ነው።

እስቲ ከአዳማ ወጥተን፣ ከሞጆ ታጥፈን፣ መቂንና ዝዋይን (የዛሬዋን ባቱ) አልፈን ወደ አቢጃታ ሐይቅ እንውረድ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የዚህ ሐይቅ ስፋት ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከግማሽ በታች ወርዶ ተገኘ። ዓሣው አለቀ። በጎረቤቱ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ ቀለባቸውን ከአቢጃታ ይለቅሙ የነበሩ ፔሊካኖችም ማዕዳቸው ታጠፈ።

ማን ጠጣው? የአቢጃታ ውሃ ሶዳ ነው፤ ሰው አይጠጣውም። ዋናው መጋቢው ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው። ከዝዋይና ከቡልቡላ ግን የአበባ እርሻው ይስባል፤ ሽንኩርትና ቲማቲም አምራቹም በሞተር ፓምፕ ይስባል። ከራሱ ከአቢጃታ ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካው ሲስብ ኖሯል። ጽጌረዳው በአውሮፕላን ሆላንድ ይገባል፣ ሽንኩርቱ አዲስ አበባና አዳማ ይከተፋል። ሐይቁን የጠጣው ሰው ሁሉ ሐይቁ ዳር አይኖርም ማለት ነው። ጣታችን የሚቀሰረው ግን ሰባት ልጅ ወልዳ በጄሪካን በምትቀዳው የቡልቡላ እናት ላይ ነው!

‹‹የሕዝብ ብዛት ነው ያደረቀው›› የሚል ካለ ወደ መተሐራ ብቅ ይበል። በሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በ1990ዎቹ ከ40 በላይ ሆነ። ጨዋማ ውሃው የግጦሽ መሬት ዋጠ፤ የመኪናውንና የባቡሩን መንገድ ተፈታተነ። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከአካባቢው ሰፋፊ እርሻዎች የሚሰርገው የመስኖ ውሃ ነው። በአንድ ሸለቆ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ፣ አንዱ ሐይቅ ሲከሳ ሌላው አበጠ። የሰው ብዛት አንዱን አድርቆ ሌላውን አይሞላም። ውሃ ያለ ሃይ ባይ ሲቀዳና ሲደፋ ግን ሁለቱም ይሆናል።

ቁጥሩ ዋዛ ነው እያልኩ አይደለም። አዳማ በ1987 ዓ.ም ቆጠራ 127,842 ሰው ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም 220,212። አገሪቱ በእነዚያው ዓመታት ከ53 ሚሊዮን ወደ 73 ሚሊዮን አልፋለች። መሬት እንደ ሊጥ አይለጠጥም። ሦስት ወንድ ልጅ ያለው ገበሬ ማሳውን ሦስት ቦታ ሲሸነሽን፣ ታናሽየው ወይ ግራር ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ ወይ አዳማ ገብቶ ባጃጅ ይነዳል። ‹‹ልጅ በዕድሉ ያድጋል›› ያሉት አባቶቻችን የሚታረስ ጠፍ መሬት ስለነበራቸው ነው።

ወሊድን የሚቀንሰው ግን የአዳራሽ ስብከት አይደለም። በ1992 ዓ.ም በተደረገው የጤና ጥናት መሠረት አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ በአማካይ 5.5 ልጅ ትወልድ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም 4.6። አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ ያኔውኑ ከ2 በታች ነበር። የአዲስ አበባዋ ልጅ ትምህርት ቤት ገባች፣ ዘግይታ አገባች፣ መከላከያውን በቅርብ አገኘች፣ የቤት ኪራዩንም አየችና ሒሳቡን ራሷ ሠራች። ለቡልቡላዋም ያንኑ መንገድ መክፈት ነው።

ሆኖም ወሊድ ስለቀነሰ ብቻ ሐይቁ አይድንም። ሁለት ልጅ ያለው የአዲስ አበባ ቤት ሽንኩርቱም፣ ከሰሉም፣ የሠርጉ አበባም ከዚሁ ሸለቆ ነው። ዛሬ የተወለደች ሴት ልጅ እናት እስክትሆን ሃያ ዓመት ያህል አለን፤ ፓምፑ ግን ዛሬ ማታም ይሠራል። ስለዚህ በያንዳንዱ ፓምፕ ላይ ቆጣሪ ይገጠም፤ ከአበባ እርሻው እስከ ሽንኩርት አምራቹ የሳበው ውሃ ልክ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነበብ፤ የሳበ በሳበው ልክ ይክፈል፤ ለአቢጃታም ድርሻው ይለቀቅለት። ምድር ስንት ሰው ትችላለች የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ ትርጉም ይኖረዋል፤ ሰው ስንት ይወስዳል የሚለው ሳይታወቅ አይመለስምና።

ደግሞ ‹‹ሰው በዛ›› የምንለው ቆጥረን መስሏችሁ ነው? ከ1999 ዓ.ም በኋላ አራተኛው የሕዝብ ቆጠራ ሲራዘም ነው የኖረው። ሰውንም ውሃውንም ሳንቆጥር ‹‹በዛ›› እና ‹‹አለቀ›› እንላለን። ‹‹ሰው በዛ›› የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ ‹‹ራስህን ቆጥረሃል?››