በልግ ትርፍ ወቅት አይደለም

የኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ከባሕር የራቀ ቢሆንም ዝናቡ የሚመጣለት ከባሕር ነው። ነፋሱ አቅጣጫውን በለወጠ ቁጥር ወቅቱ ይለወጣል፤ ወቅቱ በተለወጠ ቁጥርም ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ይነሣል። በጥንቱ አቆጣጠር ዓመቱ ክረምት፣ መፀው፣ በጋና ፀደይ ተብሎ በአራት ይከፈላል። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ የዝናቡን አመጣጥ ተመልክተው በሦስት ይከፍሉታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። በወረቀት ላይ ሦስቱም አራት አራት ወር ይዘዋል። በግብርናው ዕቅድ ውስጥ ግን እኩል ቦታ የላቸውም። ዘሩም፣ ማዳበሪያውም፣ ብድሩም በዋናነት የሚታሰበው ለክረምቱ እርሻ ነው። በልግ ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘም ይለፍ የሚባል ትርፍ ወቅት ሆኖ ይታያል። ይህ አመለካከት ሊታረም ይገባዋል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የዝናቡን መንገድ መከተል ያሻል። በክረምት ወራት ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትገፋ ከምድር ወገብ አካባቢ የሚነሣው የዝናብ ቀበቶ አብሯት ወደ ሰሜን ይጓዛል። በዚህ ጊዜ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ተፋሰስ፣ እንዲሁም ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር ወደ ከፍተኛው ምድር ይገባል፤ ተራራውንም ሲወጣ ይቀዘቅዝና ይዘንባል። በዚህም ምክንያት ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ዝናቡን ቀድሞ ይቀበላል፣ ዘግይቶም ይለቃል። በዚያ አካባቢ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብባቸው ቦታዎች አሉ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ በተሄደ መጠን ግን ወቅቱ እያጠረ ይሄድና ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ላይ ይከማቻል።

የበልግ ዝናብ መንገዱ ሌላ ነው። በእነዚያ ወራት እርጥበቱ የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ነው። ይህ እርጥብ አየር ከሜዲትራንያን አቅጣጫ ከሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገናኝ በምሥራቁ ገመገምና በመካከለኛው ደጋ ላይ ይዘንባል። ስለዚህ በልግ የክረምቱ መንደርደሪያ ብቻ አይደለም፤ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ፣ የራሱ ጠባይ ያለው ዝናብ ነው። የበልጉ መልካም መሆን ለክረምቱ ዋስትና አይሆንም፤ የበልጉ መጥፋትም ክረምቱ ይጠፋል ማለት አይደለም።

አገሪቱ አንድ ብትሆንም ወቅቷ አንድ አይደለም። በጎጃምና በወለጋ ያለ ገበሬ ዓመቱን የሚጥለው በክረምቱ ላይ ነው። በቦረናና በሶማሌ ያለው አርብቶ አደር ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚያገኘው ዝናብ እጅግ አነስተኛ ሆኖ፣ ከብቱን የሚያጠጣው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር በሚዘንበው ዝናብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የወሎ፣ የሰሜን ሸዋ፣ የአርሲና የባሌ ደጋ በልግንም ክረምትንም የሚጠብቅ ነው።

ከእነዚህ መካከል የወሎን ደጋ መመልከት ብዙ ያስተምራል። በደላንታ፣ በለጋምቦና በመሳሰሉት ወረዳዎች ክረምቱ የሚጎድለው ዝናብ ሳይሆን ሙቀትና ደረቅ መሬት ነው። ዋልካው አፈር ውኃ አቁሮ ሥሩን ያበሰብሳል፤ በረዶው ቡቃያውን ይመታል፤ ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ሰብል ደግሞ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይጠብቀዋል። ስለዚህም የደጋው ገበሬ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ገብሱን ዘርቶ በሰኔና በሐምሌ ያጭዳል። ለዚህ ገበሬ በልግ ዋናው ወቅት ነው፤ በአንዳንድ ቀበሌዎች ከዓመቱ ምርት እኩሌታውንና ከዚያም በላይ የሚያስገባው በልግ ነው።

እዚህ ላይ የአቆጣጠሩ ጉዳይ ይነሣል። በልግ ከአገሪቱ የእህል ምርት የሚሰጠው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ነው ይባላል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሊነግረን የሚገባውን ሁሉ አይነግረንም። በስታትስቲክሱ ደንብ የበልግ ሰብል የሚባለው ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የሚታጨደው ነው። በቃሉ፣ በቆቦና በራያ፣ እንዲሁም በሐረርጌ ያለው ገበሬ ግን ማሽላውን በሚያዝያ በበልጉ ዝናብ ይዘራና በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበስባል። ይህ ማሽላ የበቀለው በበልግ ሆኖ ሳለ የሚመዘገበው በመኸር ነው። በልጉ ሲቀር ደግሞ ገበሬው ማሽላውን ትቶ በሐምሌ ጤፍ ወይም ሌላ ፈጥኖ የሚደርስ ሰብል ለመዝራት ይገደዳል። በዚህም ለቤተሰቡ ቀለብ፣ ለከብቱ አገዳ፣ ለምድጃው ማገዶ የሚሆነውን በአንድ ጊዜ ያጣል። ይህ ሁሉ ኪሳራ በመዝገቡ ላይ የሚታየው የመኸር ጉድለት ሆኖ ነው።

በሬውንም መርሳት አይገባም። ከበጋው ድርቀት የወጣ በሬ ለሰኔው እርሻ የሚበረታው በበልግ ሣር ነው። ሣሩ ካልበቀለ ክረምቱ እጅግ ያማረ ቢሆን እንኳ የከሳ በሬ መሬቱን ደጋግሞ አያርስም። ያልታረሰ መሬት ደግሞ አረም እንጂ እህል አያበቅልም። እንግዲህ በልግ በራሱ አዝመራ ብቻ ሳይሆን በመኸሩ አዝመራ ውስጥም ድርሻ እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ያለፈው ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። በ1976 ዓ.ም. በወሎ በልጉ ጠፋ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ለረሀብ መጋለጡን ገልጾ የዓለምን እርዳታ ጠየቀ። ዓለም በእርግጥ የነቃው ግን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ሥዕል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። በመካከሉ ሰባት ወር አለፈ፤ ክረምቱም ሳይሆን ቀረ። በእርግጥ ለዚያ እልቂት ጦርነቱም፣ የመንግሥት ፖሊሲም፣ የለጋሾች ማመንታትም ድርሻ ነበራቸው፤ ሁሉም በዝናብ የሚሳበብ አይደለም። ሆኖም በልጉ በጊዜው መልእክቱን ተናግሮ ነበር፤ የጎደለው ሰሚ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በ2007 ዓ.ም.ም በመጀመሪያ የቀረው በልግ ነበር። ቀጥሎ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያየለው ኤልኒኞ የክረምቱን ዝናብ አዳከመ፤ ሰኔና ሰኞ ገጠመ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ተገለጸ። መንግሥትና ረጂዎች ከቀድሞው ይልቅ ፈጥነው በመንቀሳቀሳቸው የ1977 ዓ.ም. ዓይነት እልቂት አልደረሰም። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ድርቅን ማስቀረት ባይቻል እንኳ ድርቅ ወደ ረሀብ እንዳይለወጥ ማድረግ ይቻላል። ቢሆንም በልጉ ከቀረበት ወር ጀምሮ ዘር፣ መኖና ቀለብ ቢቀርብ ኖሮ ብዙ ቤተሰብ በሬውንና ላሙን ሳይሸጥ በቆየ ነበር።

ኤልኒኞም ቢሆን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ፍርድ አይፈርድም። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ የክረምቱን ዝናብ ሲቀንስ፣ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ የመስከረምና የጥቅምቱን ዝናብ አብዝቶ ጎርፍ የሚያመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ተቃራኒው ላኒና ደግሞ ለደጋው ክረምት ደግ ሲሆን ቆላውን ያደርቃል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲቀሩ የታየው ይኸው ነው። «ዘንድሮ ዝናቡ ደግ ነው» ወይም «ክፉ ነው» ብሎ ለአገሪቱ በሙሉ በአንድ ቃል መናገር እንደማይቻል ከዚህ መገንዘብ ይገባል።

በዚህ ላይ የአየሩ ጠባይ እየተለወጠ ነው። ከ1952 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የአገሪቱ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጨምሯል። የክረምቱ ዝናብ ከዓመት ዓመት ይዋዥቅ እንጂ በአጠቃላይ ሲታይ ግልጽ የሆነ መቀነስ አልታየበትም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ግን ካለፉት አሠርት ዓመታት ወዲህ በምሥራቁና በደቡቡ ክፍል መመንመኑን ጥናቶች ያሳያሉ። ሳይታወቅ እየሳሳ ያለው እንግዲህ ትርፍ የተባለው ወቅት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ አንዳንዱ ወገን፣ በልግ የማይታመን ከሆነ ገንዘብና ጉልበት ለምን ይፈስበታል፣ ገበሬው ትቶት ወደ ክረምት ቢዞር አይሻልም ወይ ይል ይሆናል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። በእርግጥም አንዳንድ የደጋ ገበሬዎች በልግ ሲደጋገምባቸው ወደ ክረምት እርሻ ዞረዋል። ነገር ግን ክረምት እንዲታረስ የሚፈለገው ዋልካ መሬት ውኃው ካልተንጣፈፈለት፣ ብርድና ውርጭ የሚችል ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ ካልቀረበለት፣ «ወደ ክረምት ዙር» የሚለው ምክር ባዶ ምክር ነው። ውኃ የሚያንጣፍፍ ሰፊ መደብ የማውጣት ዘዴ በምርምር ተፈትኖ ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የሚፈልገው መሣሪያ፣ ማሠልጠኛና ክትትል ነው። በልግን ለመተውም ሆነ ለመያዝ በቅድሚያ ለበልግ አካባቢ የተለየ ዕቅድ ማስፈለጉ አይቀርም።

ይህ ዕቅድ ከምን ይጀምር ቢባል በመጀመሪያ ከትንበያው ነው። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት በየወቅቱ ትንበያ ያወጣል። ትንበያው የሚነገረው ግን «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» ወይም «ከመደበኛ በታች» የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል ነው በሚል ቋንቋ ነው። ገበሬው የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ልዝራ ወይስ ልቆይ፣ ማሽላ ላድርግ ወይስ ጤፍ ነው የሚለው። በዚህ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ያለበት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና በየቀበሌው ያለው የልማት ሠራተኛ ነው። በቀበሌው የዝናብ መለኪያ ቢተከልና የአካባቢው ሽማግሌዎች ስለ ነፋሱ፣ ስለ ደመናውና ስለ ምንጩ ያላቸው ዕውቀት ከመለኪያው ጋር ቢመሳከር ምክሩ ይታመናል።

ሁለተኛው ዘር ነው። የበልግ ዝናብ ጀምሮ የሚያቋርጥ፣ ገበሬን የሚያታልል ዝናብ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ካፊያ ዘርቶ ቡቃያው ከደረቀበት እንደገና የሚዘራው ዘር በጎተራው አይገኝም። በመሆኑም በበልግ ወረዳዎች ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለዳግም ዘር የሚሆን መጠባበቂያ ሊኖራቸው ይገባል። ገብሱም፣ ፈጥኖ የሚደርሰው ማሽላም በመጋዘን መገኘት ያለበት ከየካቲት በፊት ነው፤ በሰኔ የሚደርስ ዘር ለበልግ ገበሬ ከሠርግ በኋላ እንደሚመጣ እንግዳ ነው።

ሦስተኛው የሥራ ጊዜ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ብዙ እርከን ሠርቷል፤ ብዙ ቤተሰብንም ከችግር ጠብቋል። ነገር ግን የማኅበረሰብ ሥራው በአብዛኛው የሚካሄደው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ይህ ጊዜ ለመኸር ገበሬ ጉልበቱ የሚያርፍበት ሲሆን ለበልግ ገበሬ ግን የሚያርስበት፣ የሚዘራበትና የሚያርምበት ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን ለእርከኑም ለእርሻውም ሊውል አይችልም። የሥራው ወራት በየወረዳው ወቅት ቢቃኝ ፕሮግራሙም ገበሬውም ይጠቀማሉ።

በመጨረሻም ቆጠራው ይስተካከል። በሚያዝያ የተዘራ ማሽላ በኅዳር ሲሰበሰብ በየትኛው ዝናብ እንደበቀለ በመዝገቡ ላይ ቢጠቀስ፣ በልግ በቀረ ቁጥር የሚመጣውን ጉድለት ከስድስት ወር በፊት ማወቅ ይቻላል። ስድስት ወር ደግሞ እህል ከወደብ ወደ ወረዳ ለማድረስ፣ መኖ ለማከማቸት፣ በሬን ከገበያ ለማስቀረት የሚበቃ ጊዜ ነው።

የሰማዩን ዝናብ ማዘዝ የማንም ሥልጣን አይደለም። ዘሩ በየካቲት መጋዘን መግባቱ፣ የልማት ሠራተኛው በሚያዝያ ማሳ ላይ መገኘቱ፣ የበልጉ ወሬ በግንቦት ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልልና ወደ ፌዴራል ሳይለዝብ መድረሱ ግን በሰው እጅ ያለ ነው። የሚመለከታቸው ሁሉ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲነደፍ ለበልግ ወረዳዎች የራሱን ዓምድ፣ የራሱን በጀትና የራሱን የጊዜ ሰሌዳ ሊሰጡት ይገባል።