ከመጠምጠም መማር ይቅደም

በዚህ ገጽ የሚበዛው የፍቅር ጥያቄ ነው። የዛሬውን ጠያቂያችንን እንቅልፍ የነሳው ግን ፍቅር ሳይሆን መጋዝ ነው። ደብዳቤው ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«ዕቁብ ደርሶን ከአብሮ አደጌ ጋር ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ከፈትን። ለሙሽሮች ባለ አራት በር ቁም ሣጥን ስንታዘዝ፣ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ያገለገለ የእጅ መጋዝ ገዛን። መጋዙ ማኪታ ነው፤ ሐዲዱን ለብቻው ከሌላ ሰው ነው ያገኘነው። የቆረጥነው ኤምዲኤፍ ግን ጠርዙ አይጥ የበላው ዳቦ መሰለ። በሮቹ ሲገጠሙ አንዱ ጋ ሰፊ፣ አንዱ ጋ ጠባብ ክፍተት። እኔ ስቆርጥ እሱ 'እጅህ ይንቀጠቀጣል' ይለኛል፤ እሱ ሲቆርጥ እኔ እለዋለሁ። አሁን ድርሻዬን ይዤ ልወጣ ነው። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ ድርሻህን ከመቁጠርህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። መጋዙን ሐዲዱ ላይ አስቀምጠህ፣ ሳታስነሳው፣ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርገኸው ታውቃለህ? የሁለታችሁም እጅ ላይ ያው ጥፋት ከተደገመ እኮ፣ መጠርጠር ያለበት እጅ ሳይሆን ዕቃው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐዲዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ከፍ ያለ መስመር አለ፤ ከመጋዙ ሥር ደግሞ ያንን መስመር የሚያቅፍ ቦይ አለ። ቦዩ ከመስመሩ በጥቂቱ ካልሰፋ መጋዙ አይንሸራተትም። አብዝቶ ከሰፋ ደግሞ መጋዙ ይወላወላል፤ 2.44 ሜትር ርዝመት ባለው ጣውላ ላይ የተወላወለ መጋዝ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አያወጣም። ዲስኩ ገብቶ ሳለ ከተጣመመ ጣውላው ይነክሰዋል፤ ያኔ መጋዙ ወደ ኋላ፣ ወደ አንተው ይወረወራል። እዚህ ላይ የሚጠፋው ኤምዲኤፍ ብቻ አይደለም፤ ጣትም አለ! «እንግዲያው አጠብቀዋለሁ» ብትልም አያዋጣም። ሲጠብቅ በጉልበት ትገፋዋለህ፣ መሀል ላይ ይቆማል፣ ጠርዙንም ያሳርረዋል።

በቅድሚያ የሁለቱን ጋብቻ አረጋግጥ። የማኪታ መጋዝ በማኪታም በፌስቱል ሐዲድም ይሄዳል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የማኪታው ሐዲድ፣ መጋዙ ተጋድሞ ሰያፍ ሲቆርጥ እንዳይገለበጥ የሚይዝበት ከንፈር አለው፤ የፌስቱሉ የለውም። ስለዚህ በፌስቱል ሐዲድ ላይ በ45 ዲግሪ ስትቆርጥ መጋዙን ደህና አድርገህ ተጫነው። ሐዲዱ የዲዋልት ወይም የቦሽ ከሆነ ግን ቅርጹ ሌላ ነው። ብሎን ብታጠብቅ ብታላላ አይጋቡምና በከንቱ አትድከም፤ ተስማሚውን ፈልግ።

ከተጋቡ ወደ ማስተካከሉ እንሂድ። ሶኬቱን ንቀል፤ ይህ የማይዘለል ነው። ሐዲዱንና የመጋዙን ሥር ከአቧራና ከሙጫ አጽዳ። መጋዙ በሚቀመጥበት ሳህን ላይ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ሁለት ትንንሽ ማስተካከያዎች አሉ፤ እንደ አሠራሩ በጣት ወይም በካቻቪቴ ይዞራሉ። መጀመሪያ የፊተኛውን ቀስ እያልክ አዙር። መነቅነቁ ሲጠፋ አቁም። ቀጥሎ የኋለኛውን። ከዚያ መጋዙን ከሐዲዱ ጫፍ እስከ ጫፍ አንሸራተው። ያለ ጉልበት ከሄደና ግራና ቀኝ ካልተወላወለ፣ በቃ፣ ልክ ገብቷል። «ትንሽ ልጨምርበት» አትበል።

አሁን የሐዲዱን የጎማ ጠርዝ ተመልከት። ጎማው የጣውላው ፊት እንዳይሰነጠር ተጭኖ የሚይዝ ነው። በመጀመሪያው ቆረጣ ራሱ ዲስኩ ይከረክመዋል፤ ከዚያ ወዲህ ዲስኩ የሚያልፍበትን መስመር የሚያሳይህ እሱ ነው። ታዲያ ያንተ ሐዲድ በሌላ ሰው መጋዝ የተከረከመ ነው። ጎማው ከዲስኩ ከራቀ አዲስ ግዛና ለጥፍ፤ መጋዙን ካስተካከልክ በኋላ፣ ቁርጥራጭ ጣውላ ላይ ቀስ ብለህ ከርክመው። ቅደም ተከተሉን አታፋልስ። መጀመሪያ ከርክመህ በኋላ ብታስተካክል መስመሩ ይሸሽብሃል።

በሽታውን እንዲህ ለየው። ቆረጣው ከዳር እስከ ዳር ከተወላወለ ማስተካከያው ላልቷል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተደናቀፈ ሐዲዱ ተጎድቷል፣ ወይም ሁለት ሐዲድ ቀጥለህ ከሆነ መጋጠሚያው ተጣሟል፤ ረጅም ቀጥ ያለ አሉሚኒየም አስጠግተህ አቅናና ብሎኑን እሰር። መስመሩ ቀጥ ብሎ ጠርዙ ብቻ ከተሰነጠረ ጎማውን ወይም የዶለዶመውን ዲስክ ጠርጥር።

ስለ ጓደኛህስ? ይህን ሁሉ አብራችሁ ሥሩት። ከዚያ ቁርጥራጭ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ቁረጡና ለኩ። ሁለቱም ቀጥ ካለ የተጣላችሁት በባዶ ሜዳ ነው፤ ይቅር ተባባሉ። የአንዳችሁ ብቻ ከተጣመመ ያኛው ለጊዜው ገጣጣሚ ይሁን፤ ይህ ለመለያየት አያበቃም።

የሙሽሮቹን ነገር ግን ለነገ አታሳድሩ። የሰፋ በር ይላጋል፣ የጠበበ በር ግን አይሰፋም። ሠርጉ ሳይደርስ ለባለቤቱ እውነቱን ንገሩትና ጣውላውን ከሁለታችሁ ኪስ ገዝታችሁ በሮቹን እንደገና ቁረጡ። ለጊዜው ኪስ ይጎዳል፤ ስማችሁ ግን ይተርፋል።

በሉ የሳምንት ሰው ይበለን።