ኩል የተኳለችው አይሱዙ



ባለፈው ሰሞን ለተማሪዎቼ «ከቤታችሁ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ አምጡና ታሪኩን ንገሩን» የሚል የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እርስዎስ?» አለኝ። «እኔም አመጣለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። ማታ ሳጥን ስበረብር የአጎቴ የጭነት መኪና ፎቶ እጄ ላይ ወጣ። ትንሽ አየሁትና መልሼ ከሳጥኑ ሥር ከተትኩት። በማግሥቱ ክፍል ይዤ የገባሁት የእናቴን የሠርግ ፎቶ ነው። ያኛውን ለማሳየት አፍሬ ነበር። ለልጆቹ ያልነገርኩትን ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ፎቶው የተነሣው በ1997 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ላይ ነው። አጎቴ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ቆሟል፤ እኔ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጎኑ ደረቴን ነፍቻለሁ። አይሱዙዋ ግን መኪና ናት ለማለት ታስቸግራለች። የፊት መስተዋቷ ዙሪያውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አምፖል ተደርድሮበታል። ከሁለቱ የፊት መብራቶች በላይ ካረጀ ጎማ የተቆረጠ ሽፋሽፍት ተለጥፎባታል፤ «ኩሏ ነው» እንል ነበር። ጋቢናው ውስጥ ባለ ዘርፍ መጋረጃ ወርዶ የመስተዋቱን አንድ ሦስተኛ ሸፍኗል። የፕላስቲክ አበባ አለ፣ የፈረስ ጭራ አለ፣ ቡዳ እንዳይበላት ተብሎ የተንጠለጠለ የሕፃን ጫማ አለ። በሯ ላይ ንስር ብለን የሣልነው ወፍ ዶሮ መስሎ ቀርቷል። ፎቶው የማያሳየው ክላክሷን ነው፤ አንዴ ሲጫኑት ሰባት ዓይነት ዜማ ያወጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ማን ሠራው ቢባል፣ ከግማሽ በላዩ የእኔ እጅ ነው። አጎቴ ከጋይንት ድንችና ገብስ ወደ ወረታና ባሕር ዳር እየጫነ፣ ሲመለስ ጨውና ቆርቆሮ ያመጣ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ረዳቱ እኔ ነኝ። ቁርኣንም ስለቀራሁ፣ ፊዚክስም ስለተማርኩ እኔ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለውም ነበር። «አንተ ልጅ፣ ኤሌክትሪክ ተምረህ የለም እንዴ? በል አብራልኝ» አለኝ። እኔም አበራሁለት።

እርግጥ በዚህ ብቻችንን አይደለንም። በአገራችን መኪና እንደመጣ የሚነዳው ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ ለዕቃ መጫኛ የተሠራው ፒክአፕ ሁለት አግዳሚ ወንበር ተገጥሞለት፣ ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጦ ስለሚሄድበት «ውይይት» ተባለ። በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ አካል ሲሠራለት አውቶቡስ ሆነና «ቅጥቅጥ» የሚል ስም ወጣለት። ኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የሚነዳባት አገር በመሆኗ፣ መሪያቸው በቀኝ በኩል የነበረ የጃፓን መኪኖች በዱባይ ጋራዦች መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ ይመጡልን ነበር። እነዚህ ሁሉ ለችግር የተዘየዱ መላዎች ናቸው። ለጌጥም ቢሆን የፓኪስታን የጭነት መኪኖች ከጫፍ እስከ ጫፍ በአበባና በወፍ ሥዕል ያሸበረቁ ናቸው፤ ጃፓኖችም «ዴኮቶራ» የሚሏቸው በመብራት የተንቆጠቆጡ መኪኖች አሏቸው። ታዲያ የእኔ ሐፍረት ምን ላይ ነው?

ሒሳቡ ላይ ነው። የገጠምኩት 40 አምፖል ነበር። እያንዳንዱ 5 ዋት ቢሆን በድምሩ 200 ዋት ነው፤ ይህም በ24 ቮልት ባትሪ ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። ሁለቱ የፊት መብራቶች ብቻቸውን 6 አምፔር ገደማ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ለአምፖሎቹ ኃይል የወሰድኩት ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ነው። ፊውዙ 10 አምፔር፤ የተጫነበት ከ14 በላይ! ባበራነው ቁጥር ፊውዙ ይቃጠላል። ፊውዝ ማለት ደግሞ ሌላው ሽቦ እንዳይነድ ቀድሞ እንዲቀልጥ የተሠራ ቀጭን ሽቦ ነው። ይህን በፈተና ላይ በትክክል መልሼ ማርክ አግኝቼበታለሁ። በመኪናዋ ላይ ግን ምን አደረግኩ? የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት በተቃጠለው ፊውዝ ላይ ጠቀለልኩበት። ከዚያ በኋላ አልተቃጠለም፤ እኔም እንደ ትልቅ ኤሌክትሪሻን ተመሰገንኩ።

አጎቴም የራሱ ድርሻ ነበረው። ብዙ እንድትጭን ብሎ በየባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ብረት አስገባ፣ ስፖንዳውንም በጣውላ አስረዘመ። ባሌስትራው ሸክሙን ቻለ፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ፍሬን ነው። ጭነቱ ከፍ ባለ ቁጥር መኪናዋ በየመታጠፊያው ትወዛወዝ ጀመር። መካኒኩ «የፍሬን ሸራው አልቋል፣ ሳይውል ሳያድር ይቀየር» ብሎት ነበር። በዚያ ወር የተገዛው ግን ባለ ሰባት ዜማው ክላክስ ነው።

በነሐሴ አንድ ምሽት ድንች ጭነን ከነፋስ መውጫ ተነሣን። የጉናን ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ተራራ ላይ ወርዶ መንገዱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ክምር ድንጋይን አልፈን ቁልቁለት ላይ ሳለን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ወዲያው መብራቱ ሁሉ በአንዴ ድርግም አለ። አጎቴ ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናዋ ዘገየች እንጂ አልቆመችም። ክላክሱን ብቻ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አያይዤው ስለነበር እሱ ይሠራል፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሰባቱንም ዜማ እያከታተለ ይዘፍናል። አጎቴ መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጥግ ሰበረው። አንድ ነገር ሲመታ ተሰማን፤ ከዚያም ቆምን።

በእጅ ባትሪ ስናይ አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። አህያቸው ወድቃለች፤ ከወፍጮ ቤት ይዘውት የመጡት ዱቄት ከጭቃው ጋር ተደባልቋል። ከኋላቸው ሰባት ዓመት የማይሞላው የልጅ ልጃቸው ጋቢያቸውን ጨምድዶ ይዟል። አህያዋን ሲነዳ የነበረው እሱ ነበር፤ እሾህ ወግቶት ሊነቅል ወደ ዳር ወጣ ባለበት ቅጽበት ነው የደረስነው።

አጎቴ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ተነሥ ልጄ» አሉት። «ዘፈኑንስ ከሩቅ ሰምቼዋለሁ፤ ሙሽራ የያዘ መኪና ነው ብዬ ነበር። በየት በኩል እንደምትመጡ ግን የሚያሳይ መብራት አጣሁ።» ሌላ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ምነው በሰደቡን ኖሮ!

በሽማግሌ የአህያዋና የዱቄቱ ዋጋ ተከፈለ። አልሐምዱሊላህ፣ የሰው ሕይወት አልጠፋም። አጎቴ አንድም ቀን ጥፋቱን በእኔ ላይ አላሳበበም፤ እኔም ስለ ብርማው ወረቀት ለብዙ ዓመት አልነገርኩትም። አምፖሎቹን ነቀልን፣ መጋረጃው ወረደ፣ የፍሬኑ ሸራም ተቀየረ። ሽፋሽፍቱ ግን ማጣበቂያው አልላቀቅ ብሎ እስክትሸጥ ድረስ ከነኩሏ ነበረች።

ይህን ያነሣሁት ለመሣቅ ብቻ አይደለም። ዛሬ ባጃጅ ከሚነዱት መካከል እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች አሉ። አንዳንዱ ባጃጅ ከፊት ቀይ መብራት ይብለጨለጭበታል፤ መጋረጃ ይወርድበታል፤ ሾፌሩ በግራና በቀኙ ሰው ደርቦ ክንዱን ማንቀሳቀስ እስኪያቅተው ይጣበባል። ወንድሞቼ፣ ማስጌጥ አትከልከሉ፤ ግን ቅደም ተከተሉን ያዙ። መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ጎማና መብራት፣ ከዚያ ገንዘብ ከተረፈ አበባው ይምጣ። ለጌጥ መብራት ኃይል ከፊት መብራት ሽቦ ላይ አትቀጥሉ፤ የራሱ ሽቦና የራሱ ፊውዝ ይኑረው። ፊውዝ ሲቃጠል ለምን እንደተቃጠለ ፈልጉ እንጂ አፉን አትዝጉት። ከፊት ቀይ መብራት አታድርጉ፤ ከሩቅ የሚያያችሁ ሰው እየሄዳችሁ ነው ብሎ ሲያስብ እናንተ እየመጣችሁበት ነው። እናቶችና አባቶችም ልጃችሁ መኪናውን አስውቦ ሲያሳያችሁ «ማሻአላህ» በሉት፤ አስከትላችሁም «ፍሬኑን መቼ አሳየኸው?» ብላችሁ ጠይቁት።

እኔም ነገ ያንን ፎቶ ይዤ ክፍል እገባለሁ። ልጆቹ በዶሮው እንደሚሥቁ አውቃለሁ። ከሣቁ በኋላ ስለ ብርማው ወረቀት እነግራቸዋለሁ።